የሰፈሩን ውሻ መርዝ አይጨርሰውም

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የውሻ ጉዳይ መነጋገሪያ የሚሆነው አንድ ነገር ሲደርስ ነው። ልጅ ይነከሳል፣ በግ ይቦጨቃል፣ ወይም ለሀጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ገበያ መሐል ይገባል። ያን ጊዜ «ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ» የሚለው እሮሮ ይበረታና መፍትሔው ወዲያው ይቀርባል፤ ሥጋ በመርዝ ለውሶ ሌሊት መበተን። አዲስ አበባን ጨምሮ በከተሞቻችን ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ለዚሁ ሥራ ሲውል ኖሯል። ሰፈሩ ለጥቂት ወራት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ሌላ ውሻ ይሞላዋል። እኔ የምከራከረው እነዚህ ከተሞች ባሉባቸው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የመንገዱ ውሻ የሰፈሩ ውሻ ተብሎ መያዝ አለበት ብዬ ነው። መያዝ ስል ማቀፍና ማጠብ አላልኩም። በዓመት አንድ ጊዜ መከተብ፣ የእርድ ትርፍራፊን መቅበር፣ ቡችላን መንገድ ላይ አለመጣል ማለቴ ነው። ለውሻ የማያዝን ሰው እንኳ ለልጁና ለበጉ ሲል ሊቀበለው የሚገባ ሐሳብ ነው።

ውሾቹ ከሰማይ አልወረዱም። በገጠሩ ጅብን ከበረት፣ ሌባን ከጎተራ የሚያርቀው ውሻ ነው፤ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፣ ሌሊት ደጅ ያድራል፣ ብዙውን ጊዜም አይታሰርም። ሴቷ ስትወልድ ባለቤቱ ወንዱን መርጦ ያስቀራል። ሴቶቹን ግን ነገ ደግሞ እንዳይወልዱበት በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ወንዝ ዳር ወይም ከተማ ጠርዝ ላይ ይጥላቸዋል፤ ከነዚህ የሚተርፉት የከተማው ውሾች እናቶች ይሆናሉ። ከተማው ደግሞ ያበላቸዋል። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ነፋስ መውጫን የሹፌርና የመንገደኛ ማረፊያ አድርጓታል፤ ሆቴል ባለበት ልኳንዳ አለ፣ ልኳንዳ ባለበት አጥንትና ሆድ ዕቃ አለ። የሞተ አህያ ገደል አፋፍ ድረስ ተጎትቶ ይጣላል፣ የድግስ ትራፊ ከአጥር ውጭ ይደፋል። ሁዳዴ ሲገባ ልኳንዳው ይዘጋል፤ የውሻው ገበታ በአንድ ሌሊት ይነሣና 55 ቀን ሙሉ የራበው መንጋ ወደ በረቱና ወደ ገጠሩ ይበተናል። ሰው ያን ጊዜ «ዘንድሮ ውሻ ከፋ» ይላል። የውሻውን ብዛትም ሆነ ጠባይ የሚወስነው የምንጥልለት ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ንክሻው አይደለም፤ ከንክሻው ጋር የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከሞቱት 99 በመቶ ያህሉ በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው፤ ከ10 ሟቾች 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት በዓመት ከ2,500 በላይ ሞት ነው። ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው ማስረጃ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የሰሜን ጎንደር ጥናት ሲሆን፣ ከ100,000 ሰው 2.33 ሰው በየዓመቱ በበሽታው እንደሚያዝ ገምቷል። በዚያ ጥናት በሽታውን የማያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከተጠየቁት 84 በመቶው ግን የሚተማመኑት በባህላዊ ሕክምና ነበር። በሽታው ለአገሩ አዲስም አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ1884 እ.ኤ.አ. በትግራይ፣ በጎጃም፣ በወሎና የዛሬዎቹ የእኛ ወረዳዎች አካል በነበሩበት በበጌምድር ወረርሽኝ እንደነበር መዝግበዋል። ከ130 ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ጠላት ነው።

ያበደ ውሻ ሲባል ሰው የሚጠብቀው የሚሮጠውን፣ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ ሁሉ የሚነክሰውን ውሻ ነው። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ዝም የሚለው ነው። ከጎተራ ሥር ይደበቃል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ መንጋጋው ወርዶ አፉን መግጠም ያቅተዋል፣ ምራቁ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ አጥንት አንቆት ይሆናል ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። ላም ላይም እንዲሁ ነው፤ ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ለሀጯን ስታዝረበርብ ድንች በሚበቅልበት በላይ ጋይንት ድንች አነቃት ተብሎ ጉሮሮዋ ይፈተሻል። በፈታሹ እጅ ላይ ትንሽ የእሾህ ጭረት ካለ በሽታው መግቢያ አገኘ ማለት ነው። ይህን ሰው ውሻ ነከሰው የሚል ማንም የለም፤ ስለዚህም ወደ ሕክምና የሚወስደው የለም።

እንግዲህ መርዝ ለምን እንደማይሠራ እንመልከት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ የምትባል ደሴት አለች። በሽታው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲገባባት ባለሥልጣናቱ ከደሴቷ ውሾች ግማሽ ያህሉን አስገደሉ፤ በሽታው ግን ደሴቷን አልለቀቀም። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ምግቡ እስካለ ድረስ የተገደለውን ውሻ ቦታ ሌላ ይይዘዋል፤ የሚይዘውም ያልተከተበ ወጣት ውሻ ነው። ሰውም የሞተበትን ውሻ ለመተካት ከሌላ ቀበሌ ቡችላ ያመጣል፤ ያ ቡችላ በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። መርዙ ደግሞ ያበደውን ከጤነኛው፣ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። እንዲያውም ቀድሞ የሚሞተው ሰው የሚያምነው፣ ከደጅ የማይርቀው፣ የወረወሩለትን የሚበላ ውሻ ነው፤ ያበደ ውሻ መች ሥጋ ይፈልጋል? ከውሻው ጋር ጅቡና ጥንብ አንሳው ይሞታሉ፣ እነሱ ያነሡት የነበረው ጥንብም ለተረፉት ውሾች ይቀራል። ህንድ ይህን በሌላ መንገድ አይታዋለች። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከብት በሚሰጥ ዳይክሎፌናክ በተባለ መድኃኒት ሳቢያ የጥንብ አንሶቿ ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ ጥንቡን የወረሰው ውሻ ነበር።

ክትባት ግን ይሠራል፤ የሚሠራበትም ምክንያት በሽታው ከሰው ግምት ይልቅ ሲሰራጭ ደካማ ስለሆነ ነው። በታንዛንያ ገጠር የተደረገ ክትትል እንዳሳየው አንድ ያበደ ውሻ በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከሁለት ለማይበልጥ ውሻ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ ያበደው ውሻ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የማይያዝ ውሻ ይሆንና ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በየዓመቱ መደገም ያለበት የመንደር ውሻ ዕድሜ አጭር ስለሆነ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ከተከተቡት ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ያልተከተበ ቡችላ ይተካል። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ሄዳ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። ሜክሲኮ ሩቅ ናት ለሚለኝ፣ የቻድን ዋና ከተማ ንጃሜናን ልጥቀስ። በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በተደረጉ ሁለት ዘመቻዎች ከ70 በመቶ በላይ ውሾች ተከተቡ፤ የበሽታው መተላለፍም ለወራት ቆመ። በኋላ ግን ከከተማዋ ውጭ ካለው አካባቢ ተመልሶ ገባ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ የመጨረሻው ነው። ነፋስ መውጫን ብቻ ከትቦ የላይ ጋይንትን ገጠር መተው፣ ወይም እስቴን ከትቦ ስማዳን መዝለል የሚያዛልቅ አይሆንም። ውሻ የወረዳ ወሰን አያውቅም፤ ባለቤቱን ተከትሎ ገበያ ይወጣል፣ ማታ ከሌላ መንጋ ጋር ያድራል። ሦስቱ አካባቢዎች በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ዕቅድ መሥራት አለባቸው።

ስለ ልጅ ሞት ሲነገር ልቡ የማይነካ የለም፤ ስለ በግ ሲነገር ግን ወዲያው የሚያሰላ ሰው ብዙ ነውና እሱንም ላንሣ። በጉና ተራራ ዙሪያና በጋይንት ደጋ ለድሀው ገበሬ በግ ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው። ገበሬው አዙሪት የሚለው በሽታ በጉን አንገቱን አጣሞ ባለበት ያዞረዋል፤ ይቀጥናል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻ ይታረዳል ወይም ይሞታል። መንስኤው በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ በጉ ይገባና በጉ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ከዚያ የበጉ ጭንቅላት ተፈልጦ ለውሻ ይጣላል፤ ትሉ ወደ ውሻው አንጀት ተመለሰ ማለት ነው። ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የያዘ እብጠትም በተመሳሳይ መንገድ ይዞራል፤ እሱ ደግሞ በግ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያድጋል፣ የሚወጣውም በቀዶ ጥገና ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ አምስት በሽታዎችን ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ስትመርጥ የእብድ ውሻ በሽታና ይህ የጉበትና የሳንባ እብጠት ሁለቱም ከአምስቱ ውስጥ ነበሩ። አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ የታመመውን ጭንቅላት፣ ሳንባና ጉበት መቅበር ይህን ዑደት ይቆርጠዋል። ምንም ዶላር አይጠይቅም። ማዘጋጃ ቤቶቻችን ለልኳንዳ ፈቃድ ሲሰጡ ክዳን ያለው ጉድጓድ መኖሩን ቢያዩ፣ ከሚበተነው መርዝ ይልቅ የውሻውን ቁጥር የሚቀንሰው ይህ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና ክብደት ያለው «ሰው ሳይጠግብ ለውሻ?» የሚለው ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት ዕርዳታ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ እዚህ ለውሻ ምግብ አቅርቡ ብሎ መስበክ ነውር ይሆናል፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ሒሳቡ ይታይ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ የተነከሰ ሰው ለክትባት፣ ለመጓጓዣና ለባከነ የሥራ ቀን በአማካይ ወደ 108 ዶላር ወጪ ይደርስበታል። ለሴፍቲኔት ቤተሰብ ይህ በግ መሸጥ ነው፣ አንዳንዴም በሬ። አንድ ሰው ላይ በሚጠፋው ገንዘብ የአንድ ጎጥ ውሾች ይከተባሉ። ድሀ አካባቢ ስለሆነ ነው ቀድሞ መከተብ ያለበት፤ ሀብታም አካባቢ ቢያንስ ከተነከሰ በኋላ ይከፍላል።

ሁለተኛው የአቅም ጥያቄ ነው፤ ለከብት ያልበቃ እንስሳት ሐኪም ለውሻ ከየት ይመጣል ይባላል። ይህም እውነትነት አለው። ነገር ግን አባ ሠንጋንና አባ ጎርባን ለመከላከል የሚደረገው የከብት ክትባት ዘመቻ የተለመደ ነው፤ ሰው በተወሰነ ቀን ከብቱን ነድቶ ወደ አንድ ሜዳ ይመጣል። ያን ቀን ውሻውም ይምጣ ቢባል ሌላ ጉዞ አያስፈልግም። አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ ቢሆን ሰውም ጊዜ አለው። ውሻውን የሚይዙት ደግሞ ልጆችና እረኞች ናቸው፤ ለማያውቀው ሰው ጥርሱን የሚያሾለው ውሻ ለእረኛው እጅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ጥሪው በትምህርት ቤት በኩል ቢተላለፍ ይሻላል። ማቀዝቀዣ የለም ለሚለው ታንዛንያ መልስ አላት። የውሻው ክትባት ዓይነቱ ተመርጦ ከተገዛ፣ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ለስድስት ወር ከማቀዝቀዣ ውጭ ቢቆይም ኃይሉን እንደማያጣ እዚያ ተፈትኗል፤ በሞቃት ቀበሌዎችም በአካባቢው ሸክላ በተሠራ ማቀዝቀዣ ዕቃ ውስጥ አኑረውታል። ሸክላ መሥራት ለእኛ ሊያስቸግር ነው? የጋይንት ደጋማ ቀበሌዎች ብርድም በዚህ ጉዳይ ለአንድ ጊዜ ይጠቅመናል። ውሾቹን ማምከንም ጥሩ ነው፤ የሐኪም እጅ፣ ማደንዘዣና ገንዘብ ስለሚፈልግ ግን ዛሬ ሁሉም ቀበሌ እንዲጀምረው መጠየቅ ክትባቱንም ማዘግየት ይሆናል። ሴት ቡችላን አለመጣልና እርዱን መቅበር ይቅደም።

«ብታበሏቸው ይበዛሉ» የሚሉ ሰዎች በከፊል ልክ ናቸው። ማንም የማይከትበው መንጋ እንዲሁ ትራፊ ቢወረወርለት በሽታውን መቀለብ ነው። ነገር ግን አሁንም ቢሆን እያበላን ነው፤ ልዩነቱ ሳናውቀው ማብላታችን ላይ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል። አንድ ጎጥ የሚያውቃቸውን የተከተቡ ውሾች ለይቶ ትራፊውን በአንድ ቦታ ቢሰጣቸው ሌሊት ያልታወቀ ሰውና ያልታወቀ ውሻ ሲገባ የሚጮኹት ለዚያ ጎጥ ነው፤ ለክትባትም መያዝ ይቀላል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳላለዝብ ልበል፦ የማበድ ምልክት ያሳየ ውሻ፣ ወይም ደጋግሞ ሰው የሚነክስ ውሻ መወገድ አለበት። ይህን ለማድረግ መርዝ መበተን አያሻም፣ አንዱን ለይቶ ነው። ጤነኛ የሚመስለው ከነከሰ ደግሞ ቢቻል ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም። ሰው ተናዶ ወዲያው ሲገድለው ይህ መረጃ አብሮ ይጠፋል። ባለቤት ያለው ውሻ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ ያስቀመጠው ነው። ችግሩ ሲነክስ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ማለቱ ነው። ቀበሌው የተከተቡትን ውሾች ከባለቤታቸው ስም ጋር ቢመዘግብ ይህ ክህደት ይከብዳል።

ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚነሣው ቅሬታ ውሻ ቅጽሩን ያረክሳል የሚል ነው። ቅጽሩን ማስጠበቅ የቤተ ክርስቲያኗ መብት ነው፤ ክትባቱ ይህን የሚነካ ነገር የለበትም። ይልቅስ ካህናቱና የቀበሌው ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ የክትባቱን ቀን ቢያስታውቁ ከማንኛውም የጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይበልጥ ይሰማሉ። ስለ ፀበልም አንድ ቃል ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ፀበል የሚሄድ ሰው ክትባቱን መተው የለበትም።

የባህል መድኃኒቱ ዝና ያተረፈው በምክንያት ነው። ከነከሱት ውሾች ብዙዎቹ ያላበዱ ናቸው፤ ካበደ ውሻ ከተነከሱትም በሽታው የሚይዘው ከፊሉን ነው፤ በሽታው እስኪታይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። ቅጠል የጠጣው ሰው ሲተርፍ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል፣ ያልተረፈው ደግሞ ዘግይቶ ስለሆነ ከንክሻው ጋር የሚያያይዘው ያጣል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የሚያድነው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ክትባት መጀመር ነው። ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረውና በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረው የድሮው ክትባት ሰውን አስፈርቶ ወደ መድኃኒተኛ እንደሸኘው አይካድም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ከመከረ ከ1984 እ.ኤ.አ. በኋላም አገራችን ለረጅም ዘመን ስትጠቀምበት ቆይታለች። የዘመኑ ክትባት በክንድ ላይ፣ በአንድ ወር ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚሰጥ ነው። በየጤና ኬላው ግን አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር እሱን ፍለጋ የሚሄዱበት ርቀት ይብሳል፤ ክትባቱ ደግሞ በቀጠሮ የሚሰጥ ስለሆነ አንዱ ቀን ደርሶ ሌላው ላይደርስ ይችላል። በጀት ሲመደብ ሥራው ከአስፋልት ዳር ከተማ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ለሪፖርትም ይመቻል። የውሻው ክትባት ግን ከሕክምናው በጣም ከሚርቀው ሰው ቢጀምር ነው የሚያዋጣው፤ ስለዚህ ከነፋስ መውጫ በፊት ስማዳን፣ ያውም ከወገዳ ይልቅ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርዱትን ቀበሌዎች አስቀድሙ እላለሁ።